የመርሳት በሽታ ላለበት ታማሚ የትኛው የኦክስጅን መሣሪያ ይሻላል?

ኦክስጅን የታዘዘለት ሰው የመርሳት በሽታም ካለበት፣ መሣሪያ ለመግዛት ሲታሰብ የመጀመሪያው ማጣሪያ ሐኪሙ ያዘዘው መጠን ነው፤ ያንን የማይሰጥ መሣሪያ ዋጋው ቢረክስም አይታይም። ከዚያ በኋላ ግን ወሳኙ ነገር ታማሚው ሳይነካካ የሚተወው የትኛውን ነው የሚለው ነው።

ኮንሰንትሬተር የሚባለው በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ ናይትሮጅንን ከክፍሉ አየር ላይ ዜኦላይት በሚባል ማዕድን አጣርቶ እያስቀረ ኦክስጅኑን ይለያል። የተለመደው የቤት ዓይነት በደቂቃ እስከ 5 ሊትር ይሰጣል፣ መብራት እስካለም አያልቅም። ችግሩ ድምፁ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ያጉረመርማል፣ በየጥቂት ሰከንዱም ፍስስ ይላል። እኛ በሦስተኛው ቀን የምንለምደው ድምፅ፣ ትናንትን ለማያስታውስ ሰው በየሌሊቱ አዲስ ነው፤ «እዚያ ጥግ የሚተነፍሰው ማን ነው?» ብሎ ከአልጋው ይነሣል። መሣሪያውን አየር በሚያገኝ ሌላ ክፍል አስቀምጦ ቱቦውን ማስረዘም ይቻላል፤ ቱቦው ግን እግር እንዳይጠልፍ በግድግዳው ሥር መያዝ አለበት፣ ርዝመቱም አምራቹ ከፈቀደው ማለፍ የለበትም።

ሲሊንደር ድምፅ የለውም፣ መብራትም አይጠይቅም፤ ነገር ግን ያልቃል። 680 ሊትር ኦክስጅን የያዘ ሲሊንደር በደቂቃ 2 ሊትር ሲለቅ 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ብቻ ይቆያል። ከፍተኛ ግፊት ስላለው እንዳይወድቅ መታሰር ይኖርበታል፣ መክፈቻውን ሊያዞር የሚሞክር ታማሚ ባለበት ቤትም ጠባቂ ይፈልጋል። በእኔ ግምት መብራት ለሚጠፋበት ሰዓት መጠባበቂያ እንጂ ዋና መሣሪያ ሊሆን አይገባም።

በትከሻ የሚንጠለጠለው ባለ ባትሪ ኮንሰንትሬተር ክብደቱ ስለሚቀል ገዢን ይማርካል። አብዛኞቹ ግን ኦክስጅን የሚለቁት በአፍንጫ የተሳበ ትንፋሽ ሲሰማቸው ብቻ ነው፤ አፉን ከፍቶ የሚተኛ ወይም ትንፋሹ ደካማ የሆነ ሰው ሊያመልጣቸው ይችላል። ለሐኪም ቀጠሮ ይበቃል፤ ለሌሊት ግን ሐኪሙ ካልፈቀደ በቀር አልመክረውም።

ሻጮች እምብዛም የማያነሡት፣ ቤተሰብን ግን በብዛት የሚያደክመው ቱቦው ነው። ታማሚው ካኑላውን፣ ማለትም ጫፉ አፍንጫ ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ፣ ከአፍንጫው ሲያወልቅ ኦክስጅኑ ይቀንሳል፣ ግራ መጋባቱ ይብሳል፣ ሲብስም መልሶ ያወልቃል። ጭንብል ፊትን ስለሚሸፍንና ለመብላት ስለሚወልቅ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ካኑላ ይሻላል፤ ከካኑላዎችም ለስላሳው። እጁ በተደጋጋሚ ወደ ጆሮው ሲሄድ፣ ቁጣ ሳይሆን ከጆሮው ጀርባ የቆሰለ ቆዳ መኖሩን ማየት ይቀድማል፤ እዚያ ላይ ስፖንጅ ማድረግ ይረዳል። አፍንጫው ቢደርቅ ቫዝሊን ሳይሆን ውሃ መሠረት ያደረገ ቅባት ይጠቀሙ።

ቀድሞ ያጨስ የነበረ ሰው ማጨስ መተዉን ሊረሳ ስለሚችል፣ የትኛውም ዓይነት ቢገዛ ክብሪትና ላይተር ከቤቱ ይውጡ። ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ ሻጩ መሣሪያውን ታማሚው አጠገብ ለአንድ ሌሊት እንዲያስሞክርዎት ይጠይቁ፤ የማስጠንቀቂያ ጩኸቱንም ሆን ብለው አስነሥተው ታማሚው ምን እንደሚያደርግ ይመልከቱ።