የቀጨኔ ጀበና፦ ዕቃው ግሩም፣ ወሬው መራራ

የድሮው ጀበናዬ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ ከሰሉ ላይ ማንጠባጠብ ሲጀምር ሌላ መግዛት ግድ ሆነ። ሱቅ ውስጥ ተደርድረው የሚያብረቀርቁት ለፎቶ ያምራሉ፤ እሳት ላይ ግን አላምናቸውም። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር ሄድኩ፤ አዲስ አበባ፣ ቀጨኔ።

የገዛሁት መካከለኛ ጀበና፣ ማቶትና የወጥ ድስት ነው። ጀበናውን 400 ብር አሉኝ። አልተከራከርኩም፤ እናንተም አትከራከሩ። እዚያ የሸክላ መሽከርከሪያ የሚባል ነገር የለም። ሴቶቹ ጭቃውን በእጃቸው እየገነቡ ያወጡታል፣ በለስላሳ ድንጋይ ያሹታል፣ ሲደርቅ ደጅ ላይ በእንጨትና በቅጠል ይተኩሱታል። ጭሱ ዓይን ያወጣል። እኔ ትንሽ ቆሜ እንባዬ ሲወርድ እነሱ ዕድሜ ልካቸውን እዚያው ናቸው።

የሸጡልኝ እናት አንዱን ጀበና አንስተው በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። «ጥርት ብሎ ከጮኸ በስሏል ማለት ነው። ይሄ ድምፁ ታፍኗል፤ ተይው ልጄ፣ አትግዢው» አሉና ሌላ መረጡልኝ። የራሱን ዕቃ አትግዢ የሚል ነጋዴ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ መርካቶ ስመላለስ ኖሬ አላጋጠመኝም።

ጀበናው እጅ ላይ አይከብድም፣ ጆሮው ለመያዝ ይመቻል፣ ሲቀዳም አተላ አያመጣም። ድስቱ ሽሮን ከእሳት ወርዶም እያንተከተከ ያቆያል። ቅሬታዬ ክዳኑ ነው፤ ልክክ አይልም። ማሸጊያውም ጋዜጣ ብቻ ስለሆነ ታክሲ ውስጥ ሁሉንም ጭኔ ላይ ታቅፌ ነው የመጣሁት።

አሁን ወደ ወሬው። ጀበናውን በቡና አተላ አፍልቼ አሟሸሁትና እሁድ ቡና ጠራሁ። ባንክ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ አቦሉን ጠጣች፣ ቶናውን ጠጣች፣ «እንዴት የሚጥም ቡና ነው!» አለች። ጀበናውን ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀች። ቀጨኔ አልኳት። በረካውን ሲኒ ረከቦቱ ላይ መለሰችው። «ጠበል ረጭተሽበታል?»

ሁለት ሲኒ ከወረደ በኋላ ነው እንግዲህ።

ሸክላ ሠሪዎች ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል የሚባለውን ሁላችንም እየሰማን አድገናል። በዚህ ታምኛለሽ ወይ አልኳት። «አላምንም። ግን ከጥንት የተባለ ነገር ያለ ምክንያት አይባልም» አለችኝ። ማስተርስ አላት። እኔ የምፈራው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ከልቡ የሚያምን ቢያንስ ክርክር ይገጥማችኋል። ይሄኛው ግን አላምንም ብሎ ይስማማችሁና የሚያምነው ሰው የሚያደርገውን ሁሉ ያደርጋል።

ሰፈራችን ሁለት ኢንጂነሮች ሊጋቡ ነበር። የልጁ ቤተሰብ ዘር አስጠና፤ የልጅቷ አያት ሸክላ ሠሪ ነበሩ ተባለ፤ ሽማግሌ ሳይላክ ቀረ። ልጁ «ቤተሰቤን እንዴት ላስቀይም» አለ። እሷ ምን ይሰማት ይሆን ብሎ የጠየቀ የለም። የሕፃናቱ ነገር ደግሞ ይብሳል። ልጅ ሲያተኩሰው ጤና ጣቢያ እንደመሮጥ መጀመሪያ ማን እንዳየው ይፈለጋል። ልጁ ይዳከማል፣ አንዲት ሴት ስሟ ይጠፋል።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን በሥራው የሚሰድብ ሰው አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘው ነበር። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ ዛሬ ትልልቅ ሆቴሎች የሰርግ አዳራሽ መግቢያ ላይ ጀበና በአበባ ከብበው «ባህላችን» ይሉታል። የሠሪዋ ልጅ እዚያው አዳራሽ ሙሽራ ልሁን ብትል ያው ባህል መልሶ ያባርራታል። የሸጡልኝ እናት ልጆቻቸው ሙያውን እንደማይፈልጉት ነግረውኛል። ገንዘቡ ማነሱ አንድ ነገር ነው፤ ትምህርት ቤት የሚሰደቡት ግን አንገሸገሻቸው። ምን ይፈረድባቸዋል?

ለዕቃው ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ፤ አንዷ የተቀነሰችው በክዳኑ ነው። ጠዋት ሂዱ፣ ፎጣ ወይም ጋቢ ለመጠቅለያ ያዙ፣ እያንዳንዱን ኳ ኳ አድርጉ። ምጣድ ከገዛችሁ ጎመን ዘር አዘጋጁ፤ በደንብ ሳይሟሽ እንጀራ ከሞከራችሁበት ተጣብቆ ያስለቅሳችኋል።

የአክስቴ ልጅ በቀደም ደውላ ለፋሲካ ምጣድ እንድገዛላት ጠየቀችኝ፣ ከዚያው ከቀጨኔ። ከየት እንደመጣ ለእናቷ እንዳልናገር ማይልኝ አለች። አልማልኩም።