ለውሃ ናሙና የሚሆን ክሎሪን ማጥፊያ፦ ታዮሰልፌት ወይስ ቫይታሚን ሲ?

አንድ ጊዜ ከአዘዞ የቧንቧ ውሃ በንጹሕ ጠርሙስ ቀድቼ ወደ ላቦራቶሪ ወሰድሁ። የባክቴሪያው ውጤት ዜሮ ወጣና ደስ አለኝ። ለካ ጠርሙሱ ውስጥ ክሎሪን ማጥፊያ አልነበረም፤ በውሃው የቀረው ክሎሪን መንገድ ላይም ባክቴሪያ ሲገድል ቆይቷል። ያ ዜሮ ስለ ቧንቧው ምንም አልነገረኝም።

የምትገዙት ለባክቴሪያ ምርመራ ከሆነ አታመንቱ፤ ሶዲየም ታዮሰልፌት ነው። በኦቶክሌቭ፣ ማለትም በእንፋሎት ማምከኛ፣ 121 ዲግሪ ሙቀት ስለማይበላሽ አስቀድሞ ጠርሙሱ ውስጥ ጨምሮ አብሮ ማምከን ይቻላል። ለ120 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከ3 በመቶ ውህድ 0.1 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ በሊትር እስከ 5 ሚሊግራም የሚደርስ ክሎሪን ያጠፋል። ስትገዙ ግን መለያ ጽሑፉን አንብቡ። ክሪስታሉ ውሃ ስለተሸከመ ሞለኪውላዊ ክብደቱ 248 ነው፤ ውሃ የሌለው ዱቄት 158 ነው። ለክሪስታል የተጻፈውን መጠን ከደረቁ ዱቄት ብትመዝኑ ውህዱ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይበረታል።

ኦቶክሌቭ የሌለው ሰው ታዮሰልፌት ያለበትን የመከነ ጠርሙስ ቢገዛ ይሻለዋል፤ ውድ ቢሆንም ከተበላሸ ናሙና ይረክሳል። ብቻ በናሙናው ውሃ አታለቅልቁት፤ የገዛችሁትን መድኃኒት ደፋችሁት ማለት ነው።

አስኮርቢክ አሲድ፣ ማለትም ቫይታሚን ሲ፣ ሌላ ቦታ አለው። እንደ አንገረብ ካለ ግድብ የሚመጣ ውሃ የዕፅዋት ብስባሽ ይዞ ከክሎሪን ጋር ሲገናኝ ትራይሃሎሜቴን የተባለ የክሎሪን ተረፈ ምርት ሊፈጠር ይችላል። ለዚህ ምርመራ ናሙናው አሲድ የሚጨመርበት ከሆነ ታዮሰልፌት ይፈርስና ድኝ ያወጣል፤ አስኮርቢክ አሲድ ግን ይስማማል፤ ለ40 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 25 ሚሊግራም ይጨመራል። ውህዱ በአየር ቶሎ ስለሚደክም ዱቄቱን ግዙ። የመድኃኒት ቤቱ እንክብል ስኳርና ቀለም አለበትና ተዉት።

ሶዲየም ሰልፋይት አንዳንድ የክሎሪን ተረፈ ምርቶችን ራሱ ያጠፋል፤ የምርመራ ዘዴው በስም ካልጠየቀው አትግዙት። አሞኒየም ክሎራይድም ክሎሪኑን ወደ ክሎራሚን፣ ማለትም ባክቴሪያ መግደሉን ወደማይተው ሌላ ውህድ፣ ይለውጠዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ለባክቴሪያ አይሆንም።

ቀሪ ክሎሪኑን ራሱን የምትለኩት ግን እዚያው ቧንቧው ሥር፣ ከእነዚህ አንዱም ባልነካው ሌላ ዕቃ ቀድታችሁ ነው።