የአባባ መርሴዲስ ቸርኬ ለምን ነጣ

አባባ ምንም አላሉም። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት። ከፊት ጎማው ጋ ጎንበስ ብለው ቸርኬውን በአውራ ጣታቸው አሹት። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ምን ቀቡት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቸርኬው አመድ የነፉበት መስሏል።

ይህን የምጽፈው ለእረፍት አገር ቤት ገብታችሁ የቤተሰብ መኪና «ሴራሚክ ላስደርግላቸው» (ላዩ ላይ ተቀብቶ ሲደርቅ የሚጠጥረውን መከላከያ ማለቴ ነው) ብላችሁ የምታስቡ እንድትጠነቀቁ ነው። እኔ በደንብ የማውቀው ነገር ላይ ነው የተጎዳሁት። ዳላስ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ትልቅ መኪና መንዳት ነው። የእኛ መኪና ቸርኬውም የነዳጅ ታንከሩም የተወለወለ አሉሚኒየም ነው። በበረዶ ወራት መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው እንዴት እንደሚበላው አይቻለሁ። እጥበት ቤቶቹ «እናብራው» ብለው የሚረጩት አሲድም ምን እንደሚያደርግ በራሴ ገንዘብ ተምሬያለሁ። ለዚህ ነው ይበልጥ የተናደድኩት። መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅሁም።

የአባባ መኪና በፈረንጅ 1984 የተሠራች መርሴዲስ ናት፣ ክሬም። ቀለሟ ከፋብሪካ የወጣችበት ነው። ቸርኬዎቹን አባባ ድሮ የላዩን ቀለም አስልጠው እንደ መስታወት አስወልውለዋቸው ነበር። ልጅ ሆኜ ቅዳሜ ቅዳሜ እነሱን መወልወል የእኔ ሥራ ነበር። ዘንድሮ ለገና ስገባ ጥር 17 የእህቴ ልጅ ሰርግ ደረሰ። ሙሽሪት «በአያቴ መኪና ነው የምወጣው» አለች። እኔም መኪናዋን አሳምሬ ላቀርብላት ቃል ገባሁ።

ቦሌ አካባቢ አንድ ቤት ተጠቆመልኝ። ስሙን አልጠራም። መብራቱ ያምራል፣ ወለሉ ያበራል፣ ልጆቹ ዩኒፎርም ለብሰዋል። ቀለሙም ቸርኬውም ሴራሚክ ይደረጋል፣ ሁለት ቀን ይበቃል፣ ዋጋው 28,000 ብር ነው ተባልኩ። ግማሹን ቀብድ ከፍዬ ጥር 4 ቁልፉን አስረከብኩ።

በሁለተኛው ቀን ስደውል «ነገ ጠዋት ና» አሉኝ። በማግስቱ መብራት ጠፍቶ ማሽኑ አልሠራም። ከዚያ ሥራውን የሚያውቀው ልጅ ለቅሶ ሄደ። ከዚያ ከተራና ጥምቀት መጣ፣ ይህን እንኳ አልቆጥርባቸውም። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ግን ስልክ ማንሳት አቆሙ። በአካል ስሄድ መኪናዋ ግቢው ውስጥ፣ ሜዳ ላይ፣ አቧራ ጠጥታ ቆማለች። ኮፈኑ ላይ የወፍ ኩስ አለ። ሴራሚክ ከተቀባ በኋላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ጥላ ውስጥ፣ አቧራና ውሃ ሳይነካው ሊደርቅ ይገባል። ለሳምንት ያህል ባይታጠብም ይመረጣል። ይህን ስነግረው ኃላፊው «ወንድሜ፣ እዚህ አሜሪካ አይደለም» አለኝ። በጣም ነው ያመመኝ። የአሜሪካ አሠራር አልጠየቅሁትም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን እንዲያነብ ብቻ ነው የፈለግሁት።

ጥር 15 ልረከብ ስሄድ ሂሳቡ 41,000 ሆኗል። «ቸርኬው ቆሽሾ አስቸገረን፣ ተጨማሪ ኬሚካል ገባበት» አሉኝ። ምን ኬሚካል? አንዱ ልጅ ጠርሙሱን አመጣው። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ነበር።

አሉሚኒየም ራሱን የሚከላከልበት ስስ ሽፋን ከተፈጥሮው አለው። አየር ሲነካው የሚፈጠር ነው። አሲድ ያንን ሽፋን ገፎ ብረቱን መብላት ይጀምራል፣ ውጤቱ ያ ነጭ አመድ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ያለባቸው ጠንካራ ሳሙናዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ከዚያ ሳይወለውሉ ሴራሚኩን ከላይ ደረቡበት። ይህን ነገር ሰው ይወቅልኝ፦ የትኛውም መከላከያ ቅባት ከሥሩ ያገኘውን ነው የሚያሽገው። የነጣ ብረት ካገኘ ንጣቱን ያሽጋል። የተቧጨረ ቀለም ካገኘ ጭረቱን ያሽጋል። ኮፈኑን ፀሐይ ላይ አውጥቼ ሳየው የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ሞልቶታል። ቤታቸው ውስጥ በዚያ ሁሉ አምፖል ሥር አይታይም ነበር።

ደረሰኝ ጠየቅሁ፣ «ሲስተም የለም» ተባልኩ። ተጨቃጭቀን በ33,000 ጨረስኩ። ሰርጉ ሁለት ቀን ቀርቶታል፣ መኪናዋን ይዤ መውጣት ነበረብኝ።

ማታ የእህቴ ባል ሳሪስ አካባቢ ያለ አንድ ላቫጆ አውቃለሁ አለኝ። በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እዚያ ነበርን። ትንሽ ቦታ ናት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁለት በርሜል ውሃ። ባለቤቱ ሠላሳ ዓመት የሚሞላው አይመስለኝም። ቸርኬውን አይቶ መጀመሪያ ያለኝ «ጋሼ፣ አሲድ ነክቶታል አይደል?» ነው። እፎይ አልኩ።

ከዚያ ትንሽ የብረት ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ አድርጎ የማይታይ ጥግ ላይ አሸት አደረገ። ጨርቁ ጠቆረ። ከጠቆረ ራቁቱን ያለ አሉሚኒየም ነው። ካልጠቆረ ላዩ ላይ ክሊር፣ ማለትም እንደ መስታወት የሚያሳይ ቫርኒሽ፣ አለ ማለት ነው፤ እሱ እንደ ቀለም ነው የሚያዘው፣ የብረት ፖሊሽ ከነካው ይቧጨራል። የዛሬ መኪኖች ቸርኬ አብዛኛው ክሊር ያለበት ነው። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ነው። የቦሌዎቹ በ11 ቀን አልሞከሩትም።

ሥራው ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ከረዳቱ ጋር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራሱ ከ800 ቁጥር ጀመሩ፣ ወደ 1500፣ ከዚያ 2000፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ እየለሰለሰ ይሄዳል። ከዚያ በማሽን ፖሊሽ፣ ከዚያ በእጅ። በመጨረሻ በአልኮል ጠረገው። ይህችን ብዙ ሰው ይዘላታል። ፖሊሹ ቅባት ትቶ ይሄዳል፣ ቅባቱ ካልተጠረገ መከላከያው ብረቱን አይዝም። ከዚያ እኔ ከዳላስ ያመጣሁትን ፖሊመር ሲላንት፣ እንደ ሰም የሚቀባ ሰው ሠራሽ መከላከያ ነው፣ በጣም ስስ አድርጎ ቀባው። ሁለተኛውን ዙር በማግስቱ ጠዋት ደገመው። 7,000 ብር ጠየቀኝ። ጨምሬ ልሰጠው ስል ለረዳቱ ስጠው አለኝ።

ቀለሙን ግን እንዳይነካው ተስማማን። ሴራሚክ አንዴ ከያዘ የሚለቀው በፖሊሽ ተገፎ ነው። እንደ አባባ መኪና ያለ የድሮ አንድ ወጥ ቀለም ደግሞ ክሊር የለውም፣ ስትወለውለው ራሱ ቀለሙ ጨርቁ ላይ ይመጣል። በገፈፍነው ቁጥር ይሳሳል። እኔ ድሮውኑ ለእሷ ሰም ወይም ተራ ሲላንት መምረጥ ነበረብኝ። ሰም ሳምንታት፣ ቢበዛ ሁለት ሦስት ወር ነው የሚቆየው፣ ግን በቀላሉ ይለቃል፣ በቀላሉ ይታደሳል። ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር ለምታድር መኪና ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ለሚቆም መኪና አራት አምስት ወር የሚቆየው ፖሊመር ሲላንት ይሻላል፣ የአዲስ አበባ ፀሐይ ከፍታው ላይ ቀላል አይደለም። ሴራሚክ ለአዲስ መኪና ጥሩ ነገር ነው፣ አልክድም። አሁን በየቦታው የማያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ገና ጭረት ሳይበዛባቸው ቢደረግላቸው ዓመታት ይጠቀማሉ። ግን የሚሠራው ሰው መጀመሪያ ጭረቱን ማንሳት አለበት፣ ማድረቂያ ጥላም ሊኖረው ይገባል። እኔ ያለሁበት አገር ከሺህ ዶላር በላይ የሚያስከፍሉት አብዛኛው ለዚያ ድካም ነው፣ ጠርሙሱ ራሱ ያን ያህል አያወጣም።

ሳሪስ ያለው ልጅ አንድ ሌላ ነገር ነገረኝ፣ እኔ ያላሰብኩት። ከተማው ሁሉ ግንባታ ነው፣ የሲሚንቶ አቧራ በየመኪናው ላይ ያርፋል። ጤዛ ሲነካው ልክ እንደ ጠንካራ ሳሙና አሉሚኒየሙን ይበላል። ዘበኞቻችን ደግሞ ጠዋት ጠዋት በቅንነት በደረቅ ጨርቅ ይጠርጉታል። ያ አቧራ አሸዋ ነው። መጀመሪያ ብዙ ውሃ ይፍሰስበት፣ ከዚያ ጨርቅ። ይህን ለእኛ ዘበኛ ራሴ አሳየኋቸው፣ ለስላሳ ጨርቅም ገዝቼ ሰጠኋቸው።

የሰርጉ ቀን ጠዋት አባባ ክራቫታቸውን አስረው ወጡ። መጀመሪያ የሄዱት ወደ ሙሽሪት አልነበረም፣ ወደ ፊት ጎማው ነው። እንደገና ጎንበስ አሉ። የኋላ ግራው ላይ አሲዱ ጠልቆ የበላው አንድ ጣት የሚያህል ቦታ አሁንም አለ፣ አልወጣም። እሱን አላሳየኋቸውም። የቀረውን ሲላንት ለእህቴ ወንድ ልጅ ትቼለታለሁ። ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ አንድ ዙር እንዲደግመው ተነጋግረናል።