የድሮ ስታይል ቤዝ ጊታር፦ ከዓመት በላይ ይዤው ያየሁት

ቅዳሜና እሁድ የምንገናኝ የጓደኛሞች ባንድ አለን። የሁላችንም እንጀራ ሌላ ቦታ ነው። የምንጫወተው በአብዛኛው የድሮ ዘፈን ነው፤ የምንጠራውም የሚያውቀን ሰው ሠርግ፣ መልስ ወይም ልደት ሲኖረው ነው። የእኔ ቦታ ቤዝ ላይ ነው። ባለ ባትሪውን ዘመናዊ ቤዜን ሸጬ የድሮ ስታይሉን ከያዝኩ ዓመት አልፎታል። ክረምቱንም በጋውንም አብረን አሳልፈናል፤ ስለዚህ አሁን አፌን ሞልቼ ማውራት እችላለሁ።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። ለእኛ ዓይነት ባንድ ከዚህ የተሻለ ቤዝ አላገኘሁም። ግን ሰው የሚያደንቀው ያ ድምፅ ግማሹ የጊታሩ አይደለም፣ የክሩ ነው። የድሮውን መልክ የወደደ ሰው ደግሞ የድሮውን ጣጣም አብሮ ነው የሚገዛው።

ሞዴሉ የፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ ቅጂ ነው። ኦሪጅናሉን ሊዮ ፌንደር ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1951 አወጣው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በ1957 ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይረው) ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ለሁለቱ ወፍራም ክሮች፣ ግማሹ ለሁለቱ ቀጫጭኖች። የእኔም እንደዚያ ነው። አራት ክር፣ 20 ፍሬት (አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች)፣ ሁለት ማዞሪያ። አንዱ ድምፅ ይጨምራል ይቀንሳል፣ ሌላው ቶን ነው፣ ድምፁን ያደምቃል ያደበዝዛል። በቃ። ባትሪ የሚባል ነገር የለውም። መድረክ ላይ ባትሪ ያለቀበት ሰው ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ይገባዋል።

ቅጂውን የሠራውን ኩባንያ ስም አልጠራም። ኢንዶኔዥያ የተሠራ ነው፤ በዚያ ዋጋ የሚመጡት እርስ በርስ ብዙም አይራራቁም። ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ነው ይዞልኝ የመጣው።

ሲመጣ የነበረበት ክር ራውንድ የሚባለው፣ ላዩ ሻካራ የሆነው ነው። ድምፁ ይጮኻል፣ ጣት ሲንሸራተትበትም ይንጫጫል። በዚያ ክር ስጫወት እውነቱን ለመናገር ከሸጥኩት ቤዝ ብዙም አልተለየብኝም ነበር። ከዚያ ፍላት የሚባለውን፣ ላዩ ለስላሳ የሆነውን ክር አስመጣሁ። ዋጋው ከተራው ክር እጥፍ ገደማ ነው፣ ግን ነገሩ ሁሉ ያኔ ተለወጠ። ኖታው ዱብ ይላል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ለሚቀጥለው ቦታ ይለቃል። «ሞታውን» የተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ ቤዚስት ጄምስ ጀመርሰንም በ1962 በተሠራው ፕሪሲዥኑ ላይ የሚጠቀመው ይህንኑ ዓይነት ክር ነበር፤ ካልተበጠሰ በቀር አይቀይረውም ይባላል። ለእኔ ዓይነቱ ሰነፍ ጥሩ ሰበብ ነው። እስካሁን እኔም አልቀየርኩም፣ ድምፁም እየተሻለው እንጂ እየባሰበት አልሄደም።

ሌላው የጨመርኩት ነገር ከወጥ ቤት የመጣ ነው፦ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ። የጣት ውፍረት ያለው ቁራጭ ቆርጬ፣ ክሮቹ የሚታሰሩበት ብረት አጠገብ፣ ከሥራቸው ወሸቅኩት። የእኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ የ60ዎቹ የፌንደር ቤዞች ከፋብሪካ ሲወጡ በብረት መሸፈኛቸው ሥር ስፖንጅ ነበራቸው። አረንጓዴውን ሻካራ ገጽ ገሽልጣችሁ ጣሉት፤ የሚፈለገው ቢጫው ነው። በጣም ከጫነ ድምፁ ይታፈናል፣ ቅኝቱም ይዛባል። ክሩን ዳሰስ ካደረገው ይበቃል።

ጥቅሙ የሚታየው ችክችካ ላይ ነው። ምቱ ሲፈጥን ረጅም ኖታ ከድራሙ የእግር ምት ጋር ይደራረብና የማን የማን እንደሆነ አይለይም። ስፖንጁ ካለ ግን እያንዳንዷ ኖታ ለብቻዋ ትሰማለች። የአይቤክስ ባንድን የ70ዎቹ ቅጂዎች በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ስሟቸው። የባንዱ ቤዚስት የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ አንድ ሐረግ ይዞ ደጋግሞ ሲዞር፣ ዘፈኑ በሙሉ በዚያች ሐረግ ላይ ነው የሚሄደው። እንዲህ ዓይነት ሐረግ ጥርት ብሎ ካልወጣ ዘፈኑ አይነሳም። ትዝታ ላይ ስንደርስ ግን ስፖንጁን አወጣዋለሁ። ዝግ ባለ ዘፈን ኖታው ትንሽ ቆየት ቢል ደስ ይለኛል።

አንድ ያልጠበቅኩት ጥቅምም አለው። ኪቦርዲስታችን ለዓመታት ብቻውን ሠርግ ሲሠራ የኖረ ልጅ ነው። ቤዙንም ድራሙንም ከአንድ ኪቦርድ ማውጣት የለመደ ሰው ግራ እጁ አርፎ አይቀመጥም። ድሮ እሱ ግራ እጁን ሲያስገባ እኔ ድምፅ እጨምራለሁ፣ እሱም ይጨምራል፣ ድምፃዊቷ መሃል ላይ ትጠፋለች። አሁን የእኔ ድምፅ ወፈርና አጠር ያለ ስለሆነ ሲደርብብኝ ወዲያው ያስታውቃል። አንድ ልምምድ ላይ ድምፃዊቷ ማይኩን ዝቅ አድርጋ «አንተ ልጅ፣ እባክህ ግራ እጅህን ኪስህ ክተትልን» አለችው። ከዚያ ወዲህ አብዛኛውን ጊዜ ይከታል።

ጊታሪስታችን ደግሞ የጃዝ ቤዝ ቅጂ አለው፤ ፌንደር በ1960 ያወጣው ሞዴል መሆኑ ነው። ለተወሰነ ጊዜ ተለዋውጠን ሞከርን። የእሱ አንገት አናቱ ላይ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የእኔ 42 ይጠጋል። በወሬ ደረጃ ምንም አይመስልም፤ በእጅ ግን ትልቅ ልዩነት ነው። አንቺሆዬ ላይ ኖታዎቹ አንዴ ይጠጋጋሉ አንዴ ይራራቃሉ፤ የእሱን ቤዝ ስይዝ እጄ ቶሎ አልደከመም። ሁለት ፒክአፕ ስላለው የድምፅ ምርጫውም ይበዛል። ችግሩ ዝዝታው ነው። ሁለቱም ፒክአፖች እኩል ሲከፈቱ ዝም ይላል፤ አንዱን ቀነስ ስታደርጉት ይጀምራል። የምንለማመድበት ቤት ሶኬት አርዝ ስለሌለው ደግሞ ይብስበታል። ክሩን ስነካ ጋብ ይላል፣ ስለቅ ይመለሳል። የእኔው ለሁለት የተከፈለ ፒክአፕ በዚያው ሶኬት ላይ በጣም ይሻላል። የአዲስ አበባ ቤቶችን ሶኬት ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጣጣው። አንገቱ ውስጥ የእንጨቱን ጉብጠት የሚያስተካክል የብረት ዘንግ አለ። አብዛኞቹ ዘመናዊ ቤዞች ላይ ዘንጉን ከአናት በኩል በቁልፍ አዙሮ መገላገል ነው። የድሮውን አሠራር በታማኝነት የቀዱት ግን ማዞሪያውን ግርጌ ላይ፣ አንገትና አካል የሚገናኙበት ውስጥ ደብቀውታል። ሐምሌ ላይ ክሮቹ ከፍሬቱ ራቁብኝ። ክር ማላላት፣ አራቱን ብሎኖች በካቻቢቴ መፍታት፣ አንገቱን ማውጣት፣ ሩብ ዙር ማዞር፣ መልሶ ማሰር፣ መቃኘት። ልክ ካልመጣ ከመጀመሪያው። ሰው ለምን ይህን በ21ኛው ክፍለ ዘመን ይቀዳል? መልሱ «ኦሪጅናሉ እንደዚያ ስለሆነ» ነው። እኔን አያሳምነኝም።

በበጋው ድርቀት ደግሞ እንጨቱ ትንሽ ጠበበና የፍሬቶቹ ጫፍ በጎን ብቅ አለ። እጅ ወደ ታች ሲንሸራተት ይቧጭራል። በሥስ ሞረድ ቀስ ብሎ የሚስተካከል ነገር ነው። የአንገቱ ጀርባ አንጸባራቂ ቀለም ስላለው እጅ ሲያልብ ይይዛል፤ እሱን በሥስ ብርጭቆ ወረቀት አደበዘዝኩት። የኬብል መሰኪያው ሽቦ ከጥቂት ወራት በኋላ ተላቀቀ። የፋብሪካው ብየዳ ደካማ ነበር፤ የሠፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ ቡናዬን ሳልጨርስ በየደው። ክብደቱ ከአራት ኪሎ አለፍ ስለሚል ረጅም ሠርግ ላይ ትከሻ ይበላል። ሰፊ የቆዳ ማንገቻ ግዙ። በሚኒባስ ከሄዳችሁም «የሁለት ሰው ነው» መባሉን ጠብቁ።

ሳውንድ ማኑን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። ባትሪ የሌለውን ቤዝ ቀጥታ ሚክሰር ላይ ከሰኩት ድምፁ ይሞታል፤ የፒክአፑ ደካማ ምልክት ከሚክሰሩ መግቢያ ጋር አይጣጣምም። ዲ አይ ቦክስ የሚባል ማጣጣሚያ በመካከል ያስፈልጋል። አዳራሹ «አለን» ቢላችሁም የራሳችሁን ያዙ። ትንሽ ሳጥን ናት፣ ኪስ ውስጥ ትገባለች።

ያልተፈታልኝ ችግር የታችኛው ኖታ ነው። አራት ክር ያለው ቤዝ የሚወርደው እስከ ኢ ነው፣ 41 ኸርዝ ገደማ። ሳክስፎን ያለበት ባንድ ደግሞ ኢ ፍላት የሚባለውን ኖታ ይወዳል። ከእኔ የመጨረሻ ኖታ በአንድ ፍሬት ብቻ ያነሰች፣ ግን የሌለችኝ ኖታ! ወይ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብዬ እጫወታለሁ፣ ወይ ወፍራሙን ክር አላልቼ ጣቴ የለመደውን ቦታ ሁሉ እቀይራለሁ። ድምፃዊቷ ቁልፍ በለወጠች ቁጥር ሳክስፎኒስቱና እኔ የምንከራከረው በዚህ ነው።

መልሼ እገዛዋለሁ ወይ? አዎ፣ ግን ዘንጉ ከአናት የሚዞረውን መርጬ፣ የክሩን ዋጋም ከጊታሩ ዋጋ ጋር ደምሬ። የምትጫወቱት የድሮ ዘፈን ከሆነና እጃችሁ አጭር ካልሆነ ውሰዱት። አጭር ከሆነ የጃዝ ቤዙን ዓይነት ያዙ፣ ዝዝታውን ቻሉት። የመዝሙር ባንድ ውስጥ የምትጫወቱ ወይም በአውራ ጣት እየመታችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ግን ፍላት ክር ያለው ቤዝ ያሰለቻችኋል፤ ባለ አምስት ክር ፈልጉ።