አራተኛውን ሲቲ ስካን ላስቀሩልኝ ሐኪም፦ እግዜር ይስጥልኝ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው እንደኔ ሆዳችሁን ይዛችሁ ከክሊኒክ ክሊኒክ ለምትንከራተቱ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን እባካችሁ አንብቡት።

2 ዓመት ሙሉ ሆዴን ሲነፋኝና ሲቆርጠኝ፣ አንድ ሳምንት ሲያስቀምጠኝ በሚቀጥለው ደግሞ ድርቅ ሲያደርገኝ ኖርኩ። አስተማሪ ነኝ። ጠመኔውን ጥዬ ከክፍል የሮጥኩባቸውን ቀናት ቆጥሬ አልጨርሳቸውም። ከኮተቤ መገናኛ ታክሲ ስሳፈር መጀመሪያ የማስበው የት ወርጄ ሽንት ቤት እንደማገኝ ነበር።

የሄድኩባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። አንዱ ጋ አሜባ ነው ተባልኩ፣ ሌላው ጋ ታይፎይድ፣ ሌላው ጋ ጨጓራ። የዋጥኩት መድኃኒት ብዛት! አንዱማ ገና ወንበሩ ላይ ሳልደላደል፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ሲቲ ስካን ተነሺ» አለኝ። መቼ ጀመረሽ? ምን ስትበዪ ይብስብሻል? የሚል አንድ ጥያቄ እንኳን የለም። በ2 ዓመት ውስጥ 3 ጊዜ ተነሳሁ። ለሲቲ ስካኑ የሚሰጠውን መርፌ ሲወጉኝ ሰውነቴን የወረረኝ ሙቀት አሁንም ትዝ ይለኛል። ውጤቱ ሦስቴም ያው ነው፦ «ምንም የለሽም፣ ጭንቀት ነው፣ አታካብጂ።» ሕመሙን እኔ አውቀዋለሁ እኮ! እናቴ ተጨንቃ ጠበል ወሰደችኝ፣ ጎረቤታችን ደግሞ በዚያው ዓመት በአንጀት ካንሰር አረፈች። ከቀብሯ ስመለስ እኔም ተረኛ ነኝ ብዬ ልጆቼን አቅፌ ያለቀስኩትን አልረሳውም።

ለአራተኛው ሲቲ ስካን የእቁብ ብሬን ይዤ ልሄድ ስል አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «እባክሽ መጀመሪያ እኒህን ሰው አናግሪያቸው» አለችኝ። የሆድ ዕቃ ስፔሻሊስት ናቸው።

የዚያን ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር። ዶክተሩ ሦስቱንም ትልልቅ ፖስታ ተቀበሉኝ፣ ከወንበራቸው ተነስተው መስኮቱ ጋ ቆሙና ፊልሞቹን አንድ በአንድ በብርሃኑ ላይ ዘርግተው አዩ። ውጪ ሰው ወረፋ ይዞ፣ እሳቸው አልቸኮሉም። እኔ የማስታውሰው እጃቸውን ነው፣ ፊልሙን በሁለት ጣት ጠርዙን ብቻ ይዘው፣ እንደ ውድ ዕቃ። 3 ጊዜ ከፍዬ አንድም ሐኪም ፊቴ ከፍቶ አይቶልኝ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ተቀምጠው ጠየቁኝ። ባለፉት 3 ወራት በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ያምሽ ነበር? ከጀመረሽ 6 ወር አልፏል? ሕመሙ ከመጸዳዳት ጋር ይያያዛል? ሰገራሽ ይቀያየራል? ሁሉንም አዎ አልኩ። ደም አይተሽ ታውቂያለሽ? ከስተሻል? ትኩሳት አለ? ሕመሙ ከእንቅልፍ ይቀሰቅስሻል? ከቤተሰብ የአንጀት ካንሰር የያዘው አለ? እነዚህን ሁሉ የለም አልኩ። ደሜንና ሰገራዬን አስመረመሩኝ። ውጤቱ ሲመጣ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ሕመምሽ እውነተኛ ሕመም ነው። አይቢኤስ ይባላል። አንጀትሽ መልኩ ደህና ነው፣ የተቆጣው አሠራሩ ነው። ሲቲ ስካን ዕጢ ወይም ቁስለት ካለ ለመፈለግ ይጠቅማል፣ ይሄን ግን አያሳይም። መቶ ጊዜ ብትነሺም አታይውም።»

«እውነተኛ ሕመም ነው» ሲሉኝ እንባዬ መጣ። ከኪሳቸው ሶፍት አውጥተው ሰጡኝና እስክረጋጋ ዝም ብለው ጠበቁኝ።

ለደህንነቴ አንድ ጊዜ ልነሳ ብዬ ብለምናቸውም እምቢ አሉኝ። የአንድ ሆድ ሲቲ ስካን ጨረር መቶ ወይም ከዚያ በላይ የደረት ራጅ ያህል ሊሆን ይችላል ብለው አስረዱኝ፣ ያለ ምክንያት አይነሱትም። ግን ሲቲ ስካን መጥፎ ነው እንዳላሉ ልብ በሉልኝ! ደም ከታየ፣ ያለ ምክንያት ከከሳሽ፣ ደም ማነስ ከመጣ ወይም ሆድሽ ውስጥ እብጠት ከተሰማሽ በዚያው ቀን ነይ፣ ያኔ ራሴ የሚያስፈልገውን ምርመራ አዝዝልሻለሁ ብለውኛል።

መድኃኒቱን አንድ ብቻ ነው ያዘዙልኝ፣ አሠራሩን እኔ አላውቀውም። የበላሁትን በየቀኑ እንድጽፍ አድርገው ሽንኩርትና ወተት እንደሚያስነሱብኝ አብረን አገኘን። ሽሮ ጨርሶ አልከለከሉኝም፣ ሽንኩርቱን ቀንሼ ትንሽ ትንሽ እበላለሁ። እሳቸው ጋ ከሄድኩ አሁን 7 ወር ሆነኝ። አልፎ አልፎ ይነሳብኛል፣ ግን አልፈራውም። በፋሲካ ልጆቼን ይዤ እስከ ደብረ ብርሃን በአውቶቡስ ሄጃለሁ፣ ከ2 ዓመት በኋላ!

ዶክተር፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጆችዎን ይባርክልዎ።

ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምነውኛል፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለሁላችሁም እመልሳለሁ። እባካችሁ ሂዱ፣ ገንዘባችሁን አትጨርሱ። ስትሄዱ የድሮ ፊልሞቻችሁን በሙሉ ያዙ፣ እሳቸው ያዩላችኋል።