በኤምፒዩ-6050 ሴንሰር የሮቦት ክንድን በሶፍትዌር ማንቀሳቀስ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ኤምፒዩ-6050 የተባለውን የእንቅስቃሴ ሴንሰር፣ ጂዋይ-521 በሚባለው አነስተኛ ሰሌዳ ላይ እንደተገጠመ ገዝቼ ለወራት የተጠቀምኩበት ለአንድ ዓላማ ነው፤ በጓንት ጀርባ ላይ አስሬ የእጄን መዘንበል እያነበበ ሮቦትን በኮምፒዩተር ውስጥ አስመስሎ በሚያሠራው በፓይቡሌት ሶፍትዌር ውስጥ ያለን የሮቦት ክንድ አንጓ እንዲያንቀሳቅስልኝ። እውነተኛ ክንድ ከነሞተሮቹ የሚጠይቀው ወጪ ከባድ ስለሆነ የቁጥጥር ፕሮግራምን አስቀድሞ በምናባዊው ላይ መሞከር ያዋጣል።

ሰሌዳው አርዱዊኖ ኡኖ ከተባለው፣ ፕሮግራም ከሚጫንበት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር በአራት ሽቦዎች ይገናኛል። ፒኖቹ (ሽቦ የሚሰካባቸው የብረት እግሮች) ብዙውን ጊዜ ሳይበየዱ ስለሚመጡ የመበየጃ ካውያ ያስፈልጋል፤ እንዲያው የተሰካ ፒን እጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይላቀቃል።

ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መዘንበልን በሚመለከት ቅሬታ የለኝም። በሴንሰሩ ውስጥ ያለው የፍጥነት ለውጥ መለኪያ (አክሰለሮሜትር) የመሬት ስበትን አቅጣጫ ስለሚለካ የመዞር ፍጥነት መለኪያውን (የጋይሮስኮፑን) ስሕተት ያርማል፤ 98 በመቶ ከጋይሮስኮፑ፣ 2 በመቶ ከአክሰለሮሜትሩ የሚወስድ ቀላል ማጣሪያም ክንዱን ሳያንቀጠቅጥ ያሠራዋል። ችግሩ በቁም ዘንግ ዙሪያ መዞር ላይ ነው። እጅ ጠረጴዛ ላይ እንደተዘረጋ ወደ ጎን ሲዞር የስበት አቅጣጫ አይለወጥም፤ ስለዚህ አክሰለሮሜትሩ የሚያርምበት ነገር የለውም፣ እንደ ኮምፓስ አቅጣጫ የሚለይ ማግኔቶሜትርም በሴንሰሩ ውስጥ የለም። በዝቅተኛው የመለኪያ ክልል 131 የጋይሮስኮፕ ቁጥር በሰከንድ 1 ዲግሪ ማለት ስለሆነ፣ እጅ ባለበት ቆሞ ሳለ 13 ብቻ ቢያሳይ እንኳ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ምናባዊው ክንድ 6 ዲግሪ ያህል ዞሮ ይገኛል። ሥራ ሲጀመር ሴንሰሩን አሳርፎ ይህን ትርፍ ለክቶ መቀነስ ይረዳል፤ ሰሌዳው ሲሞቅ ግን ትርፉ ስለሚለዋወጥ ፈጽሞ አይጠፋም። እኔ ለዚህ እንቅስቃሴ ክንዴን በማሳርፍበት ጣውላ መዞሪያ ላይ የመዞርን መጠን የሚያሳይ ተለዋዋጭ ተቃዋሚ (ፖቴንሽዮሜትር) ገጥሜያለሁ፤ ከ0 እስከ 1023 ብቻ የሚቆጥር ቢሆንም ቦታውን አይስትም።

ከሴንሰሩ ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቀው የጊዜ መጣጣም ነው። ፓይቡሌት፣ ካልተለወጠ በቀር፣ አንዱን ሰከንድ በ240 ደረጃዎች ከፍሎ ያሰላል፤ የእኔ አርዱዊኖ የሚልከው በሰከንድ 100 ንባብ ነው። ፕሮግራሙ በየደረጃው አዲስ ንባብ ከጠበቀ ሲሙሌሽኑ ይጎተታል፤ ኮምፒዩተሩ ምስሉን መሳል ሲከብደው ደግሞ ያልተነበቡት ይከማቹና እጅ ከቆመ በኋላም ክንዱ መንቀሳቀሱን ይቀጥላል። ንባቡን ራሱን ችሎ በሚሠራ የፕሮግራም ክፍል ተቀብሎ የመጨረሻውን ብቻ መውሰድና ያረጀውን መጣል ይህን ያስተካክለዋል።

መዘንበልን ብቻ ለሚፈልግ ይህ ሴንሰር በቂ ነው። ሙሉ አቅጣጫ የሚፈልግ ግን ማግኔቶሜትር ያለውን ቢኤንኦ055 የተባለ ሴንሰር ቢገዛ ይሻለዋል፤ እሱንም ቢሆን ከድምፅ ማጉያ ማግኔትና ከብረት ጠረጴዛ ማራቅ ያስፈልጋል።