በየግሪን ሃውሱ እየዞረ ስለሚሸጠው የ«ማይክሮብ» ጀሪካን፦ ቀብድ ሳትከፍሉ አንብቡት

በግሪን ሃውስ እንጆሪ የምታለሙ፣ በተለይ በሆለታ፣ በሰበታና በቢሾፍቱ ዙሪያ ያላችሁ፣ ተጠንቀቁ። ሰሞኑን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጭነው የሚዞሩ ሰዎች አሉ። «ጠቃሚ የአፈር ማይክሮብ ነው» ይላሉ፤ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ማለታቸው ነው። የሻጩን ስም አልጠራም። ነገ በሌላ ስም ስለሚመጣ ስሙን ብታውቁትም ብዙ አይጠቅማችሁም። አነጋገሩን እወቁት።

ጥቅሉ እንዲህ ነው። ጀሪካኑን በየወሩ ያመጡላችኋል። እናንተ በድሪፕ (በጠብታ መስኖው ቱቦ) ትለቁታላችሁ፣ ማዳበሪያና ፀረ ፈንገስ ታቆማላችሁ፣ ምርቱን እነሱ ይገዟችኋል። የወቅቱ ግማሽ ክፍያ ግን ዛሬ ነው። ወደ እኔም መጥተው ነበርና ውሉን ተቀብዬ አነበብኩት። ስለ ግዢው ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ምርቱ የጥራት ደረጃውን ሲያሟላ»። የማን ደረጃ? በኪሎ ስንት ብር? የትም አልተጻፈም። ሰውየውን ስጠይቀው «እኛ የምንሠራው በመተማመን ነው» አለኝ። ቁጭ በሉ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ሰው በቀላሉ የሚሸወደው የነገሩ መነሻ እውነት ስለሆነ ነው። ትሪኮደርማ የሚባለው ፈንገስ ሥር የሚያበሰብሱ ፈንገሶችን ተጠምጥሞ ግድግዳቸውን በኢንዛይም ያፈርሳል። ማይኮራይዛ የሚባለው ሌላ ፈንገስ ደግሞ ከተክሉ ሥር ጋር ተዋህዶ ሥሩ የማይደርስበትን ፎስፈረስ ያመጣለታል። የውጭ እንጆሪ አምራቾችም አፈር ለማጽዳት ይጠቀሙበት የነበረው ሜቲል ብሮማይድ የኦዞን ሽፋን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት ሲታገድ (ያደጉት አገሮች እ.ኤ.አ. በ2005፣ ሌሎቹ በ2015) ፊታቸውን ወደ እነዚህ ነገሮች አዙረዋል። ስለዚህ «ማይክሮብ ውሸት ነው» እያልኩ አይደለም። ጥሩውን ጥሩ ቦታ ላይ ከተጠቀማችሁበት ይሠራል።

አሁን ወደ ጀሪካኑ። አንድ ጎረቤቴ ገዝቶ ስለነበር አብረን ከፈትነው። መለያው በኤ-ፎር ወረቀት ታትሞ በፕላስተር የተለጠፈ ነው። «ትሪኮደርማ፣ ማይኮራይዛ፣ ራይዞቢየም፣ ባሲለስ፣ 100% ኦርጋኒክ» ይላል። የተመረተበት ቀን የለም፣ የሚያበቃበትም የለም። ክዳኑን ሲያላላው ጋዙ ፍሽሽ ብሎ ወጣ። ከሥሩ ሞላሰስ (የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት) መሰል ቡናማ ዝቃጭ ተኝቷል። ጀሪካኑ የከረመው ደግሞ በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው፤ የቆርቆሮ ቤት በቀን እንዴት እንደሚግል ታውቁታላችሁ።

ከዝርዝሩ ውስጥ ማይኮራይዛ ላይ ቆም በሉ። ይህ ፈንገስ ያለ ሕይወት ያለው ሥር አይራባም። ሞላሰስ ውስጥ «አባዝተነዋል» የሚል ሰው ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል። ደግሞም በየመስኖው ፎስፈረስ በምትሰጡበት ግሪን ሃውስ ተክሉ ለማይኮራይዛ ብዙም ቦታ የለውም፤ የሚፈልገውን በነፃ እያገኘ ነዋ። ራይዞቢየምስ? እሱ ከአየር ናይትሮጅን የሚይዝ ባክቴሪያ ነው፤ የሚሆነው ለሽምብራ፣ ለባቄላና ለአኩሪ አተር ነው። የእንጆሪ ሥር ላይ ዕጢ አይሠራም። ዝርዝሩን ለማስረዘም የገባ ነው የሚመስለኝ።

ሌላው ጉድ «ሁሉንም ችግር ይፈታል» መባሉ ነው። ፍሬው ላይ የሚወጣው ግራጫ ሻጋታ አበባና ፍሬ የሚያጠቃ በሽታ ነው። በድሪፕ ሥር ላይ የፈሰሰ ነገር ምን ያደርግለታል? የሚያድነው መጋረጃውን ከፍቶ አየር ማስገባት፣ የደረቀ ቅጠልና የበሰበሰ ፍሬ እየለቀሙ ከግሪን ሃውሱ ማውጣት ነው። «ጎባጣ ፍሬ ይስተካከላል» ደግሞ ይሏችኋል። ፍሬው ላይ ያሉት ጥቃቅን ዘሮች እያንዳንዳቸው ካልተዳቀሉ በዙሪያቸው ያለው ሥጋ አያብጥም። ብዙ ጊዜ ንብ ነው የጎደላችሁ። ተክሉ ድንገት ከጠወለገ አንዱን ነቅላችሁ አንገቱን (ቅጠሉና ሥሩ የሚገናኙበትን ወፍራም ክፍል) ከላይ ወደ ታች በቢላ ሰንጥቁት። ውስጡ ቡናማ ወይም ቀይማ ከሆነ አንገቱ በስብሷል፤ ያን ተክል የትኛውም ጀሪካን አይመልሰውም። ጎረቤቴ ጋ ይባስ ብሎ የጀሪካኑ ስኳር ድሪፑ ውስጥ አተላ ፈጥሮ ቀዳዳዎቹን ደፈናቸው። መስመሩን ማጠብ ከማይክሮቡ በላይ አስወጣው።

መግዛት ከፈለጋችሁ መለያው ላይ የፍጥረቱ ሙሉ ስምና የዝርያው መለያ ይኑር። ለምሳሌ «ትሪኮደርማ ሃርዚያነም ቲ-22» ሲባል በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወጣ የታወቀ ዝርያ ነው። በግራም ወይም በሚሊ ሊትር ስንት ሕያው እንዳለው በቁጥር ይጻፍ። የሚያበቃበት ቀንና የማስቀመጫ ሙቀቱም እንዲሁ። ባሲለስ የሚባለው ባክቴሪያ ጠንካራ ስፖር (ክፉ ጊዜን የሚያሳልፍበት ዘር መሰል ቅርጽ) ስላለው ከሌሎቹ የተሻለ ሙቀት ይችላል፤ ለሌሎቹ ግን የቆርቆሮ መጋዘን መቃብር ነው። የትሪኮደርማ ዱቄት ከሆነ ትንሽ ቆንጥራችሁ በንጹሕ ፌስታል ውስጥ የተቀቀለና የቀዘቀዘ ሩዝ ላይ በትኑት። በሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ካልሆነ ሞቷል። አረንጓዴ ቢሆንም ሌላ ሻጋታ ሊሆን ስለሚችል ሙሉ ማረጋገጫ አይደለም።

ሻጩ «በሽታ ይከላከላል» ካለ ደግሞ ነገሩ ፀረ ተባይ ነው። በሕግ መመዝገብ አለበት። የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁና ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን አጣሩ። እነዚህ ሰዎች ወረቀቱ ላይ «ማዳበሪያ» ብለው ጽፈው በአፋቸው መድኃኒት ነው የሚሸጡት። እኔ «ሁለት መስመር ሳልነካ ልተውና ላወዳድር» ስላቸው ዋስትናው ይፈርሳል አሉኝ። የራሱን ዕቃ የሚያምን ሰው እንዲህ አይልም።

ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ ቀሪውን አትክፈሉ። ደረሰኙን፣ ውሉንና መለያውን ፎቶ አንሱ። የተረፈውን ጀሪካን አትድፉት፣ ማስረጃ ነው። ማዳበሪያውን እንደ ድሮው ቀጥሉ። ፀረ ፈንገስም ካስፈለገ እርጩ። ጀሪካኑ ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር ካለ ርጭቱ ሊገድለው ይችላል፤ ይግደለው። ድሪፑን ደግሞ ዛሬውኑ ጫፉን ከፍታችሁ በንጹሕ ውሃ አጥቡት።